አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፦ የፕላኖው ኢዲኤስና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውል

በ2002 እና በ2003 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ባሕር ኃይል የየብስ ጽሕፈት ቤቶች ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኮምፒውተር ነበራቸው። አንዱ አዲስ ነው። ባለቤቱም ባሕር ኃይሉ ሳይሆን፣ በቴክሳስ ግዛት ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው በፕላኖ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ኤሌክትሮኒክ ዳታ ሲስተምስ፣ በአጭሩ ኢዲኤስ፣ የተባለው ኩባንያ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይነሣል ተብሎ እዚያው የቀረ። ሠራተኛው ኢሜይሉን በአዲሱ ያነባል። ዋና ሥራውን የሚሠራበት ፕሮግራም ግን በአዲሱ ላይ እንዲጫን ገና ስላልተፈቀደ፣ ወንበሩን ወደ አሮጌው ያዞራል።

በእኔ ግምት ስለዚህ ውል ከተጻፉት ሰነዶች ሁሉ ይልቅ እነዚያ ሁለት ኮምፒውተሮች ብዙ ይናገራሉ። ውሉ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ዋጋና ስለ አንድነት ይዘረዝራል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ግን ውሉ ሲረቀቅ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ እንደነበረ ያሳያል፤ ይህ ሠራተኛ ሥራውን የሚሠራው በየትኛው ፕሮግራም ነው? ጥያቄው ዘግይቶ በመጠየቁ የተከፈለው ዋጋ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት አርባ ዓመት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1962 ሮስ ፔሮ የተባለ የቴክሳርካና ተወላጅ በዳላስ የአይቢኤም ሻጭ ነበር። የዓመቱን የሽያጭ ኮታውን ገና በጃንዋሪ ወር ጨረሰ። ለአለቆቹም አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ደንበኞች ማሽኑን ይገዛሉ እንጂ አያውቁበትም፤ ስለዚህ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም እንሽጥላቸው አለ። አይቢኤም አልተቀበለውም። ፔሮም ሠላሳ ሁለተኛ ዓመት የልደት ቀኑ በሆነው ጁን 27 ቀን፣ በ1,000 ዶላር ኢዲኤስን አቋቋመ።

ኩባንያው ሲመሠረት የራሱ ኮምፒውተር አልነበረውም። ሳውዝዌስተርን ላይፍ የተባለው የዳላስ የሕይወት መድን ድርጅት አይቢኤም 7070 ነበረው፤ ማሽኑ ግን ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ፔሮ ሥራ የፈታበትን ሰዓት ገዝቶ ለሌላ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያ ደንበኛው መሠረቱ በአዮዋ የሆነው፣ በዳላስ አጠገብ በሪቻርድሰንም ፋብሪካ የነበረው ኮሊንስ ሬዲዮ ነው። በዓመቱ በ1963 ደግሞ ከድንች ጥብስ አምራቹ ከፍሪቶ ሌይ ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈራረመ። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር አገልግሎት ውል በወራት የሚቆጠር ስለነበር አምስት ዓመት ያልተለመደ ነበር። በዚህ የውል ዓይነት ኢዲኤስ የደንበኛውን የኮምፒውተር ክፍል ራሱ ተረክቦ፣ አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ ያካሂድለታል። ደንበኛው ውጤቱን ያገኛል፤ ማሽኑም፣ ፕሮግራሙም፣ ባለሙያውም የኢዲኤስ ናቸው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን በ1965 ሲታወጅ ይኸው አሠራር ለጤና መድን ክፍያ ዋለና ኩባንያውን ትልቅ አደረገው። በ1984 ጄኔራል ሞተርስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ፔሮ በ1986 ወጣ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በ1993 ወደ ፕላኖ ተዛወረ፤ በ1996 ኩባንያው እንደገና ራሱን ቻለ።

በዚያው በዳላስ ፎርት ዎርዝ አካባቢ፣ ማእከሉን የያዘ ወገን በሌላው ሰው ስክሪን ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ያሳየ ሌላ ታሪክ አለ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1979 ከኒውዮርክ ወደዚህ ሲዛወር ሳቤር የተባለውን የትኬት መመዝገቢያ ሥርዓት ይዞ ነበር። ሳቤር ከ1976 ጀምሮ በጉዞ ወኪሎች ጠረጴዛ ላይ ተተክሏል። ወኪሉ ያለው ስክሪንና የፊደል ገበታ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በሩቅ ባለው የአየር መንገዱ ማሽን ውስጥ ይሠራል። በረራዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታዩ የሚወስነውም ማእከሉ ነው። ወኪሎች ከግማሽ በላይ ሽያጫቸውን ከመጀመሪያው መስመር፣ ከ90 በመቶ በላዩን ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ይወስዱ ስለነበር፣ የራስን በረራ ከላይ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ ያመጣ ነበር። የአየር መንገዱ ፕሬዚዳንት ሮበርት ክራንዳል ነገሩን አልደበቀም፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለዚሁ ጥቅም መሆኑን ለኮንግረስ ተናገረ። ተወዳዳሪዎች አቤት አሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድም በ1984 ማዳላትን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ወኪሉ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያየው ሌላው የደረደረለትን ነበር፤ ምን ማየት እንደሚፈልግ የጠየቀው አልነበረም።

የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ሠራተኛው ለጥቂት ዓመታት ነጻነት አገኘ። የፈለገውን ፕሮግራም በዲስክ አምጥቶ ይጭናል፤ የመጋዘን ኃላፊው የክምችት መዝገቡን ራሱ በራሱ ይሠራል። ማእከሉን መልሶ ለማምጣት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ የተጀመረውም እዚሁ ዳላስ አካባቢ ነው። ቀደም ሲል በአይቢኤም የነበረው ኤድ ያኮቡቺ በ1989 በሪቻርድሰን ሲትሪክስን አቋቋመ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነበር፦ ፕሮግራሙ በሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ በሠራተኛው ስክሪን ላይ ምስሉ ብቻ ይታይ። ሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙን በኔትወርክ ልኮ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ መጫን ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዚህ የሚሆነውን ሥርዓት በ1994 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በዳላስ አካባቢ፣ በጋርላንድ ወይም በፕላኖ፣ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ከፍቶ፣ የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ከተደረደሩበት መስኮት አንዱን መርጦ ሲጭን፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ሲፈልግ ደግሞ ጥያቄ አቅርቦ ሲጠብቅ፣ የሚጠቀመው የዚህን ሁለተኛ መንገድ ውላጅ ነው።

ኢዲኤስ ከባሕር ኃይሉ ጋር የተፈራረመው ኦክቶበር 6 ቀን 2000 ነው። ውሉ የባሕር ኃይልና የማሪን ኮር ኢንትራኔት ይባላል። አማራጭ ዓመታቱ ሲጨመሩ 6.9 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችንም ይሸፍናል። ባሕር ላይ ያሉት መርከቦች አልተካተቱበትም። ባሕር ኃይሉ እስከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ለራሱ የዘረጋቸው ኔትወርኮች ነበሩት። አንዱ ከሌላው አይናበብም፤ የአንዱ የደኅንነት ቀዳዳ ለሁሉም ይተርፋል። ኔትወርኩን ከመያዝ ይልቅ አገልግሎቱን እንደ መብራትና ውሃ በፍጆታ ልክ መግዛት ይሻላል ተባለ። ሂሳቡ የሚቆረጠው በመቀመጫ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ይህን ያህል እየተባለ።

በእያንዳንዱ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ተመሳሳይ የፕሮግራሞች ስብስብ ይጫናል። የቢሮ ሥራ፣ የኢሜይል፣ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች የያዘውን ይህን ስብስብ ሠራተኞቹ ጎልድ ዲስክ ይሉት ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በማእከሉ ተፈትኖ፣ ከዊንዶውስ 2000 ጋር መስማማቱ ታይቶ፣ የደኅንነት ማረጋገጫ አግኝቶ፣ ከሩቅ ይላካል። ሠራተኛው በገዛ እጁ ምንም መጫን አይችልም። በሐሳብ ደረጃ ይህ ጥሩ ነው፤ ለምን እንደተፈለገም ይገባኛል። የጦር ኃይል ኔትወርክ ማንም የፈለገውን የሚጭንበት መሆን የለበትም።

ችግሩ የወጣው የፕሮግራሞች ቆጠራ ሲጀመር ነው። ጣቢያዎቹ የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች አስመዝግቡ ሲባሉ ዝርዝሩ እያደገ ሄደ፤ በመጨረሻ ወደ 100,000 ተጠጋ። ማንም ይህን አልጠበቀም። ከነዚህ ብዙዎቹ የአንዱ ፕሮግራም የተለያዩ እትሞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ደግሞ አንድ መሐንዲስ ወይም አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ለራሱ ክፍል የሠራቸው። አንዳንዶቹ ደራሲያቸው ጡረታ የወጣ፣ ሰነድ የሌላቸው፣ ሥራው ግን ያለ እነሱ የማይንቀሳቀስ ነበሩ። እያንዳንዱን መፈተን ጊዜ ይወስዳል። ፈተናውን ያላለፈውን ደግሞ አውጥቶ መጣል አይቻልም፤ የጦር አውሮፕላን የጥገና መዝገብ በውስጡ ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ ፕሮግራሙ በአሮጌው ኔትወርክ ላይ ተገልሎ እንዲቆይ ተደረገ፤ ሠራተኛውም ሁለት ኮምፒውተር ይዞ ቀረ።

ይህ መዘግየት ፕላኖን በቀጥታ መታ። ኢዲኤስ አሮጌዎቹን ኔትወርኮች ተረክቦ እያካሄደ፣ ለአዲሱም ወጪውን ቀድሞ አውጥቶ፣ ሙሉውን ክፍያ የሚያገኘው ግን መቀመጫው ወደ አዲሱ ሲዛወር ነበር። ፕሮግራሙ ካልተፈቀደ መቀመጫው አይዛወርም፤ መቀመጫው ካልተዛወረ ገንዘብ የለም። ፍሪቶ ሌይን ያስደሰተው የ1963 አሠራር፣ ዋጋን አስቀድሞ ቆርጦ የሌላውን ሥራ መረከብ፣ አሁን በባለቤቱ ላይ ዞረ። ፔሮ በዚያን ጊዜ የተረከበው አንድ ክፍልና ሊቆጠሩ የሚችሉ ፕሮግራሞችን ነበር። ኩባንያው በውሉ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከሰረ። ሌሎች ችግሮችም ተደራርበው ዋና ሥራ አስኪያጁ ዲክ ብራውን በማርች 2003 ከቦታው ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት የብድር ደረጃ መዳቢው ሙዲስ የኩባንያውን ዕዳ ለባለሀብት አስጊ ከሚባለው መደብ አወረደው።

በኦገስት 2003 ዌልቺያ የተባለ ተባይ ፕሮግራም አዲሱን ኔትወርክ አጨናነቀ። እዚህ ላይ ፍርዴ ሁለት ወገን ነው። ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት በመሆኑ ተባዩ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ተዛመተ። ሁሉም በአንድ ማእከል በመያዙ ደግሞ ማስተካከያውን በአንድ ጊዜ ለሁሉም መላክ ተቻለ። በተበታተኑት ኔትወርኮች ዘመን ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጣቢያ ለየብቻው ይታገል ነበር። የማእከላዊ አስተዳደር ተቺዎች ይህን ሲረሱ ትክክል አይመስለኝም።

በነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ለማነጻጸር የሚጠቅም ሥራ እየተሠራ ነበር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት፣ በስቴፈን ፒተርሰን ኃላፊነት፣ የመንግሥትን የበጀትና የሂሳብ አያያዝ ያሻሽል ነበር። አይቤክስ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌርም የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። ቡድኑ የያዘው መንገድ በመጀመሪያ ያለውን አሠራር ማጥናትና ማሻሻል፣ ሶፍትዌሩንም ከዚያ አሠራር ጋር አስማምቶ እዚያው መሥራት ነበር። ስፋቱ ከባሕር ኃይሉ ጋር አይወዳደርም፤ የሥራውም ዓይነት አንድ፣ ሂሳብ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ተቃራኒ ነበር። ፕላኖ ላይ ሥርዓቱ ተሽጦ አሠራሩ በኋላ ተጠና፤ አዲስ አበባ ላይ አሠራሩ ተጠንቶ ሥርዓቱ በኋላ መጣ።

የኮንግረሱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2006 ያወጣው ሪፖርት የባሕር ኃይሉን ውል በግልጽ መዘነው። ባሕር ኃይሉ ከዓላማዎቹ ጋር ከተያያዙት 20 የአፈጻጸም ግቦች ያሟላው 3ቱን ብቻ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 85 በመቶው እንዲረኩ የተያዘው ግብም አልተደረሰበትም። ለጥናት የሚበጅ ሰነድ ነው፤ ምክንያቱም ያልተጠየቁት ሠራተኞች ድምፅ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ በቁጥር የገባው በዚህ ነው። ያም ሆኖ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር በጊዜ ሂደት ከ100,000 ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ፤ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮችም ቀስ በቀስ ከጠረጴዛው ላይ ተነሡ። ባሕር ኃይሉ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በየብስ ጽሕፈት ቤቶቹ ምን ዓይነት ሶፍትዌር እንደሚሠራበት ማወቅ ጀመረ። ከገንዘቡ ሁሉ ምናልባት ዘላቂው ጥቅም ይኸው ዕውቀት ነበር።

ዕውቀቱ በማን እጅ እንደነበረ የታየው ውሉ ሲያልቅ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ በ2008 ኢዲኤስን በ13.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ባሕር ኃይሉ አዲስ ጨረታ ሊያወጣ ሲዘጋጅ ኮምፒውተሮቹም፣ ሰርቨሮቹም፣ ኔትወርኩ እንዴት እንደተሠራ የሚገልጹት ሰነዶችም የኩባንያው ንብረት ነበሩ፤ ያለ እነሱ ሌላ ተጫራች ምን ላይ ተመሥርቶ ዋጋ ያቀርባል? በጁላይ 2010 ከኤችፒ ጋር ወደ 3.3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የማሸጋገሪያ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ባሕር ኃይሉ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከማድረጉም በላይ፣ በሰነዶቹ የመጠቀም መብትን ገዛ፤ መሣሪያዎቹንም የሚወስድበት መንገድ ተከፈተለት። በጁን 2013 የተሰጠው ተከታዩ ውል፣ እስከ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችለው፣ እንደገና ለኤችፒ ሆነ፤ በዚህኛው ግን ኔትወርኩ የመንግሥት ንብረት ነበር፣ ኩባንያው የሚያካሂደው ብቻ ነበር።