የመደጋገፍ ቡድን (ከመጠጥ ሱስ ማገገሚያ)

የመደጋገፍ ቡድን ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የቆረጡ ሰዎች በየጊዜው ተገናኝተው የሚበረታቱበት ስብስብ ነው።

አመሠራረት፦ በሰፊው የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ኤ.ኤ.) እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ በቢል ዊልሰንና በሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ተመሠረተ። 12ቱ የማገገሚያ ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1939 በመጽሐፍ ታተሙ።

አካሄድ፦ ለኤ.ኤ. አባልነት መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ይበቃል፤ ክፍያ የለም፤ የተሰብሳቢው ማንነትና የተናገረው በምሥጢር ይያዛል። ዝግ ስብሰባ ለባለጉዳዮቹ ብቻ ሲሆን፣ ክፍት ስብሰባ ቤተሰብንም ያስተናግዳል።

በሽንፋና አካባቢው፦ የሰሊጥ ሥራ በርካታ የቀን ሠራተኞችን ከቤተሰባቸው አርቆ ሽንፋ ወደምትገኝበት የምዕራብ ጎንደር ቆላ ያመጣል። ከዘመድ የራቀ ሰው አረቄን መጽናኛ ሲያደርግ የሚገሥጸውም የሚያጽናናውም ያጣል። እርዳታ ፈላጊ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊደርስ ይችላል። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ በርቀት የሚካሄዱ ስብሰባዎችን መካፈል ይችላል። ዕድርም ለመደጋገፍ የተመቸ ነው።

ጥንቃቄ፦ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊያጋጥመው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጠጡን ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።