ሁለት ዓይነት ቅጂ፦ የፓሪስ ሳቅና የመተማ በር

አገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳለች ስለ አጭር አስቂኝ ፊልም መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሳቅ ብቻ ሳይሆን ስለ ቅጂም ነው። ሰው የሌላውን ሥራ ሲቀዳ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እጅ ነሥቶ፣ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው» ብሎ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ቅጂውን በባለቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ዋናውን ጠቅልሎ መሄድ ነው። የሁለቱም ምሳሌ ከአንድ አገር፣ ከፈረንሳይ ይገኛል። የመጀመሪያው በሲኒማቸው ታሪክ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የተፈጸመው በእኛው ጎንደር ሲሆን የገባውም በመተማ በር ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳቁ እንጀምር። ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ግራን ካፌ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ካሳዩዋቸው ዐሥር አጫጭር ፊልሞች አንዱ፣ አትክልት የሚያጠጣ ሰው የሚታይበት ነው። አንድ ልጅ ከኋላ መጥቶ የውኃውን ጎማ ይረግጣል፤ ውኃው ይቋረጣል። አትክልተኛው ምን ነካው ብሎ የጎማውን አፍ ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውኃው ፊቱ ላይ ይረጫል። ልጁ ተይዞ ይገረፋል፤ ፊልሙም ያልቃል። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የአስቂኝ ፊልም አባት ያደርጉታል።

ከ62 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ፍራንሷ ትሩፎ የተባለ የ25 ዓመት ሐያሲ ኒም በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ «ሌ ሚስቶን» የተሰኘ አጭር ፊልም ሠራ። ታሪኩ ሁለት ፍቅረኛሞችን እየተከተሉ መውጫ መግቢያ ስለሚያሳጡ ቀበጥ ልጆች ነው። በመካከሉ ግን ያ የሉሚየር አትክልተኛ ከነጎማው ብቅ ይላል፤ ያው ቀልድ ይደገማል። ታሪኩ ያለ እርሱ ይሄዳል። ትሩፎ ያስገባው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለመምህሩ እጅ ለመንሣት። ይኸው ሰው በዚያው ፊልም ውስጥ ልጆቹ የዣን ደላኗን ፊልም ማስታወቂያ ከግድግዳ ላይ ሲገነጥሉት ያሳያል። ላከበረው ጎንበስ፣ ላላከበረው ቀና! እጅ መንሣት ማጎብደድ እንዳልሆነ የሚያስተምር ነው።

አኜስ ቫርዳም በ1961 «የማክዶናልድ ድልድይ እጮኛሞች» የተሰኘች፣ ድምፅ አልባውን የድሮ ኮሜዲ እየኮረጀች የምታከብር የጥቂት ደቂቃ ፊልም ሠርታ፣ «ክሌዮ ከ5 እስከ 7» በተሰኘው ረጅም ፊልሟ ውስጥ አስገባቻት። ተዋንያኑ ዣን ሉክ ጎዳርና አና ካሪና ናቸው። ጎዳር ጥቁር መነጽር ያጠልቃል፤ ወዲያው እጮኛው ወድቃ ስትሞት፣ የሬሳ መኪና ሲጭናት ይታየዋል። መነጽሩን ሲያወልቅ ግን ልጅቱ በሕይወት አለች። ጥፋቱ ሁሉ የመነጽሩ ነበር። ይህን መነጽር ልብ በሉልኝ፤ ወደ መተማ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከእነዚህ ቅጂዎች የተነሣ ማንም ምንም አላጣም። የሉሚየር አትክልተኛ ዛሬም በቦታው አለ፤ እንዲያውም ትሩፎን ያየ ሁሉ ወደ እርሱ ይመለሳል። የደግ ቅጂ መለያው ተመልካቹን ወደ ምንጩ መምራቱ ነው።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። መተማ በእኛ ትዝታ ውስጥ የሞት ስም ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእርሳቸው ነው። ይህ ትዝታ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። መተማ የነጋዴ፣ የሲራራ፣ የጉምሩክ በርም ነበረች። በ1932 ከሱዳኗ ገላባት ተሻግሮ በዚህ በር የገባው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጅቡቲ ጓድ ነው።

የጓዱ አመጣጥ ራሱ ፊልም ይመስላል። የፈረንሳይ ፓርላማ በማርች 1931 በልዩ ሕግ ገንዘብ ፈቀደለት። በተጨማሪም የፓናማው ቡጢኛ አል ብራውን በፓሪስ ለጓዱ ጥቅም ሲባል ተጋጠመለት። ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ የጓዱ መዝገብ ያዥ ነበር፤ በ1934 ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ፣ ጓዱ በዛሬይቱ ማሊ የሃይማኖት ዕቃ እንዴት እንደዘረፈ ሳይደብቅ ይናገራል። ከመተማ በጭልጋ በኩል በበቅሎ ተጉዘው በጁላይ 1932 ጎንደር ደረሱ፤ እስከ ዲሴምበርም ተቀመጡ። ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የመልካም አያሁን የዛር ቤት አጠና። ጓዱ የፊልም ካሜራም ነበረው።

የምለው ቅጂ የተሠራው እዚያው ነው። በጎንደር የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ ጥንታዊ ሥዕሎች ነበሩ። የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂያቸውን ሠራ። ቅጂው በጎንደር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ዋናው ተልጦ ወደ ፓሪስ ሄደ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። ጓዱ ከመላው ጉዞው ይዞ የተመለሰው ወደ 3,600 ዕቃዎች፣ 6,000 ፎቶግራፎችና ከ300 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎችና ክታቦች ነው።

«ሥዕሎቹ ሊጠፉ ነበር፤ ከካህናቱም ጋር ስምምነት ነበር» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ግሪዮልም ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ስትወረን ከኢትዮጵያ ጎን የቆመ ሰው ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሥዕሉን ለማዳን ታስቦ ከሆነ፣ ቅጂው ለፓሪስ፣ ዋናው ለጎንደር ሊሆን የማይችልበት ምክንያት ምን ነበር? የትሩፎ ቅጂ ወደ ምንጩ ይመራል። የሩ ቅጂ ግን የተሠራው በባዶው ቦታ ላይ ለመለጠፍ ነው። አንዱ እጅ መንሣት፣ ሌላው መሸፈኛ ነው።

ታሪክ ቀልደኛ ናትና ነገሩን በዚያው አልተወችውም። የግሪዮል ተማሪ ዣን ሩሽ የሰው ልጆችን አኗኗር ለማጥናት ካሜራ ይዞ ወደ ኒጀር ሄደ፤ እንደ ጎዳር ያሉትን የአዲሱ ማዕበል ፊልም ሠሪዎችም አስደነቀ። በ1971 በወጣው «ፔቲ ታ ፔቲ» በተሰኘ ፊልሙ ውስጥ የኒጀሩ ዳሙሬ ዚካ ፓሪስ ይገባል። የፈረንሳዮችን ነገድ ሊያጠና ነው! መንገደኛውን እያስቆመ ጭንቅላቱን ይለካል፤ ጥርሱን ይመረምራል። ይህን ለተማሪዎቼ በማሳይበት ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ዝምታ ይከተላል። ግሪዮልና መሰሎቹ አፍሪካን የለኩበት መለኪያ ተገልብጦ ለባለቤቱ ተመለሰ። ያውም በሳቅ እንጂ በእርግማን አይደለም።

እኛስ? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ረጅም መንገድ ተጉዘናል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር የተመረጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ሆኗል። ምዕራብ ጎንደር ግን ዛሬም የሚታየው በቫርዳ ጥቁር መነጽር ነው። በ1881 ዓ.ም. የንጉሥ ሞት፣ በ1940 የእንግሊዝና የኢጣሊያ ጦርነት፣ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሽ ሕዝብ። ይህ ሁሉ ሆኗል፤ ልናስታውሰውም ይገባል። ሆኖም የሰሊጥ አጫጁ፣ ሻይ ሻጯ፣ ዐረብኛና አማርኛ እያቀላቀለ የሚከራከረው ደላላም አሉ። ስለ እነርሱ የሚያስቅ ፊልም የማይታየንስ ለምንድን ነው?

በ2025 ኬ ብራንሊ ሙዚየም የ1931–33ቱን ጉዞ ራሱን የሚመረምር ዐውደ ርእይ ከፍቶ የአፍሪካ ተመራማሪዎችን አሳትፏል። ይህ በጎ ጅምር ነው። ምርመራ ግን በራሱ መመለስ አይደለም። ስለዚህ ለወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን አንድ ሐሳብ ልስጥ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ቦታው መተማ፣ የጉምሩክ ኬላ ነው። አንድ የጎንደር ሰው ፓሪስ ሊሄድ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ የሩን ሥዕሎች ቅጂ ይዟል። ፈታሹ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው፣ «ቅጂ ነው ጌታዬ። እዚያ ለጥፌው ዋናውን ይዤ እመለሳለሁ» ይላል። ፈታሹ ፈገግ ብሎ ማኅተሙን ይመታል። በጓሮው አንድ ልጅ የውኃ ጎማ ይርገጥልን፤ ለሉሚየርም እጅ እንንሣ፤ ውለታውን አንክድም።

ባለዕዳን በክርክር ከማድከም አንዳንዴ ማሳቅ ይበልጣል፤ የሳቀ ሰው ነገሩ ገብቶታልና፣ ከዚያ በኋላ አልገባኝም ማለት አይችልም።

ቸር ይግጠመን።