የዱር ዕፅዋትን መለየትና መመዝገብ

የዱር ዕፅዋትን መለየትና መመዝገብ ማለት በአንድ አካባቢ ሰው ሳይዘራቸው የሚበቅሉ ዛፎችን፣ ቁጥቋጦዎችን፣ ሐረጎችንና ሣሮችን በዝርያ ለይቶ፣ የተገኙበትን ቦታና ቀን ከማስረጃ ጋር ማስቀመጥ ነው። ለጀማሪ ደብተር፣ እርሳስ፣ አጉሊ መነጽርና አሮጌ ጋዜጣ ይበቃሉ።

የአገሬው ስም

በኢትዮጵያ ገበሬዎች፣ እረኞችና የባህል ሐኪሞች የአካባቢያቸውን ዕፅዋት በስም ያውቃሉ። ስሙ ጥሩ መነሻ ቢሆንም ብቻውን መዝገብ አይሆንም። በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚገኙ ከአንድ በላይ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በአንጻሩ በአማርኛ ብሳና የሚባለው ዛፍ በኦሮምኛ በከኒሳ ይባላል።

ጽድ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። የአበሻ ጽድ (ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ) የአገሩ ዛፍ ሲሆን የፈረንጅ ጽድ (ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ) ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ሰው የሚተክለው ዛፍ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው ፍሬያቸው ላይ ነው፤ የአበሻ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ሥጋማና ሲበስል ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሲሆን፣ የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ግን እንደ እንጨት ጠንክሮ ሲደርቅ ይከፈታል። የአበሻ ጽድ ወንዴና ሴቴ ዛፎች የተለያዩ በመሆናቸው ፍሬ የሌለበት ዛፍ ሲገጥም አጠገቡ ያሉትንም ማየት ያስፈልጋል። መዝገቡ ላይ «ጽድ» ብቻ ከተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ቦታው የተፈጥሮ ደን ይሁን የተተከለ ማወቅ አይችልም።

አለያየት

የቅጠል አቀማመጥ፣ የግንድ ቅርጽ፣ ሽታ፣ ሲቆረጥ የሚወጣ ፈሳሽ፣ አበባና ፍሬ አንድ በአንድ ይታያሉ። ዳማ ከሴና ጦስኝ ለምሳሌ ሽታቸው ጠንካራ፣ ግንዳቸው ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠላቸውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ ነው። ሁለቱም ከበሶብላ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ለመለየት ብሎ መቅመስ ግን አደገኛ ነው፤ የቁልቋል ወተትም ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል።

ቀጥሎ የመለያ ቁልፍ ይከተላል። ቁልፉ በየደረጃው ሁለት አማራጭ እያቀረበ ወደ ዝርያው ይመራል፤ ፕሮግራም የጻፈ ሰው «ከሆነ፣ ካልሆነ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር አንድ መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። ለአገሪቱ ዋናው ዋቢ እ.ኤ.አ. በ1980 በተጀመረ ፕሮጀክት ተዘጋጅቶ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 የወጣው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ነው። በእንግሊዝኛ መጻፉ ለጀማሪ ያስቸግራል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ስም የሚነግር መተግበሪያ የሚሰጠው ከተማረባቸው ፎቶዎች የሚቀርበውን ነው፤ ስለዚህ መልሱ እንደ ግምት መያዝ አለበት።

አመዘጋገብ

ቀን፣ ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የመሬቱ ሁኔታ፣ የአገሬው ስም ከነቋንቋውና የሰብሳቢው ስም ይጻፋሉ። የአበባ ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ እዚያው ቦታው ላይ መጻፍ ይኖርበታል። አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ፣ እርጥቡ ወረቀት በየቀኑ እየተለወጠ ይደርቃል። ተክሉ ጥቂት ከሆነ ፎቶ ይሻላል። እንዲህ ያሉ የደረቁ ናሙናዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ተሰብስበው ይገኛሉ።

የቦታ መረጃ ጥቅም በእንዶድ ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በኋላ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች ሲፈተኑ ኃይላቸው እኩል አልሆነም፤ ኢ-44 የሚል መለያ የተሰጠው ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። ናሙናዎቹ ሁሉ «እንዶድ» ተብለው ብቻ ቢቀመጡ ኖሮ ብርቱውን ከደካማው መለየት አይቻልም ነበር።