የጎመን ምንቸት በኦክላንድ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ችቦ ተለኩሶ በየጓዳው እየተዞረ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። አባባሉ ዛሬ ለጨዋታ ቢመስልም የመነጨው ከረሃብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚሟጠጥባቸው፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ያለባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ድሃው ገበሬ ከጓሮው ቀንጥሶ ድስት የሚጥደው ጎመን ነበር። ስለዚህ አዲስ ዓመት ሲገባ ጎመን የከረመ እንግዳ ሆኖ በችቦ ይሸኛል። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረትም ቢሆን ምስጋናው ለጤናው ነው፤ ጎመኑ የተጠራው የመጨረሻው ዝቅተኛ ምግብ ስለሆነ ነው።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባደጉ ጥቁሮች ዘንድ ልማዱ ተገላቢጦሽ ነው። ጥር 1 ቀን፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ኮላርድ የሚባለው ጎመን ሆን ተብሎ ይጣዳል። አጠገቡ ዓይኗ ጥቁር የሆነች አደንጓሬና የበቆሎ ዳቦ ይቀርባሉ። ጎመኑ የወረቀት ገንዘብ፣ አደንጓሬዋ ሳንቲም ናት ይባላል፤ የበላ ዓመቱን ሙሉ አያጣም። ቀኑ ራሱ ከባድ ታሪክ አለው። በባርነት ዘመን ጥር 1 ባሪያዎች ለሌላ ጌታ የሚከራዩበትና የሚሸጡበት፣ እናት ከልጇ የምትለይበት ቀን ስለነበር «የልብ ስብራት ቀን» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ግን የሊንከን የነፃነት አዋጅ የጸናው በዚሁ ቀን ነው። የመከራ ምግብ በመከራና በነፃነት ቀን ይበላል ማለት ነው።

አንዱ ሕዝብ በአዲስ ዓመት የሚያስወጣው፣ ሌላው በአዲስ ዓመት የሚጥደው ይህ ምንቸት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ ተገናኘ። እንዴት እንደተገናኘ ለማየት ከኮላርዱ መጀመር ይሻላል።

ኮላርድ የአፍሪካ ተክል አይደለም፤ ወደ አሜሪካ የገባው ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ነው። አበሳሰሉን ያበጁት ግን በዋነኛነት አፍሪካውያን ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው የመጡት ሰዎች ቅጠላ ቅጠልን ከጥቂት ሥጋ ወይም ዓሣ ጋር በዝግታ የሚያበስል ባህል ነበራቸው። በእርሻው ላይ የሚሰፈርላቸው ቀለብ በአብዛኛው የበቆሎ ዱቄትና ጥቂት ጨው የበላው የአሳማ ሥጋ ነበር፤ የጎደለውን የሚሞሉት ከቀኑ ሥራ በኋላ በሚኮተኩቱት ጓሮ ነው።

አሠራሩ እስከ ዛሬ ያንን ያስታውሳል። ጎመኑ አሸዋው እስኪለቅ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባል። ወፍራም አንጓው ይወጣል፤ ቅጠሉ ተደራርቦ ይጠቀለልና ይቆረጣል። በጢስ የደረቀ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ከሽንኩርት ጋር አንድ ሰዓት ያህል ለብቻው ይቀቀላል። መረቁ ከጣፈጠ በኋላ ጎመኑ ይጨመርና በቀዝቃዛ እሳት ሌላ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዱም ቤት ከዚያ በላይ ይቆያል። ደቃቅ ቀይ በርበሬ ይነሰነስበታል፤ በመጨረሻ ጠብ የሚደረግ አቼቶና ቁንጥር ስኳር ምሬቱን ያለዝቡታል። ድስቱ ሥር የሚቀረው መረቅ «ፖትሊከር» የሚባል የራሱ ስም አለው፤ በበቆሎ ዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። የጌታው ቤት ቅጠሉን በልቶ መረቁን ለአብሳዮቹ ይተው ነበር እየተባለ ይተረካል። በውኃ የሚሟሟው ቫይታሚን የሚቀረው ግን መረቁ ውስጥ ነው።

ይህ ድስት ወደ ኦክላንድ የመጣው በባቡር ነው። ምዕራብ ኦክላንድ አገር አቋራጩ የባቡር መስመር የሚያልቅበት ሠፈር በመሆኑ፣ በፑልማን ባቡሮች ላይ የሚሠሩ ጥቁር አስተናጋጆች ቀድመው ቤት ሠርተውበታል። ትልቁ ጎርፍ የደረሰው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በአጎራባቿ ሪችመንድ የነበሩት አራቱ የካይዘር የመርከብ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ዘመን 747 መርከቦች ሠርተዋል። ለዚህ ሥራ ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስና ከአርካንሳስ ብዙ ሺህ ጥቁሮች መጡ። በኦክላንድ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ 8 ሺህ 500 ገደማ የነበረው የጥቁሮች ቁጥር በ1950 ከ47 ሺህ በላይ ሆነ። የመጡት ሰዎች የጎመን ዘርና የእናታቸውን አሠራር ይዘው ነበር። የባሕረ ሰላጤው ለስላሳ ክረምትም አገዘ፤ ሳይደርቅ ዓመታት የሚቆይ፣ ግንዱ ከሰው ቁመት የሚያልፍ «ዛፍ ኮላርድ» ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላለፈ።

ከዚያ ትውልድ ልጆች መካከል በ1966 በኦክላንድ የብላክ ፓንተር ፓርቲን የመሠረቱት ሁለቱ ወጣቶች ይገኙበታል፤ ሂዩ ኒውተን የሉዊዚያና፣ ቦቢ ሲል የቴክሳስ ተወላጆች ነበሩ። ፓርቲው በ1969 ለልጆች ነፃ ቁርስ ማብላት የጀመረው በዚሁ ከተማ በቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘመኑ ስለ ምግብ የሚከራከር ዘመን ነበር። ብዙዎች የደቡብን ምግብ «የነፍስ ምግብ» ብለው ሲኮሩበት፣ የኔሽን ኦፍ ኢስላም መሪ ኢላይጃ መሐመድ በ1967 ባሳተመው የአመጋገብ መጽሐፍ ኮላርድንም አደንጓሬንም ከማዕድ እንዲወጡ አዘዘ። ለእርሱ ይህ የባርነት ምግብ ነው፤ ነፃ ሰው ሊበላው አይገባም። ከጥቁር አሜሪካውያንም መካከል «የጎመን ምንቸት ውጣ» ያለ ነበር ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ግን ምንቸቱን አላስወጣም።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በፊት የመጡት ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ለወጡት በር ከፈተ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ዲቪ ተከተለ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ፈትለወርቅ ተፈሪ በ1991 የከፈተችው ካፌ ኮሉቺ ከታወቁት አንዱ ነው። ሌሎች ሥራ ተከትለው ወደ ሳን ሆዜ ወረዱ።

ለጾም ቀን የሐበሻ ጎመን ፈልጎ ገበያ የወጣው ስደተኛ የሚመስለውን ያገኘው በኮላርድ ነው። ዝምድናቸው ከመልክ ያለፈ ነው። በ1935 በጃፓን ይሠራ የነበረው ናጋሃሩ ዩ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ የጎመን ዘሮችን ዝምድና ሲያሳይ፣ የሐበሻው ጎመን የሁለት ተክሎች ዲቃላ መሆኑን አረጋገጠ። አንዱ ወላጅ የጥቁር ሰናፍጭ ዝርያ ሲሆን 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው። ሌላው ጥቅል ጎመንና ኮላርድ የሚመደቡበት ዝርያ ሲሆን 9 ጥንድ አለው። የሐበሻ ጎመን 17 ጥንድ አለው። ዘሩ ምጣድ የሚያሰስለው፣ ቅጠሉ ወጥ የሚሆነው ተክል በኦክላንድ ገበያ በወላጁ ወገን ተተካ።

በኢትዮጵያ ቤት ኮላርዱ ሌላ ሙያ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ ደቆ ይከተፋል፤ በዘይት በተቁላላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይበስላል፤ ሲወርድ ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። የፍስክ ቀን ከሆነ ንጥር ቅቤና ኮረሪማ አለለት። የአሳማ ቁርጭምጭሚት ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም አይታሰብም። ኮላርድን ያለ ሥጋ ማብሰል ግን የሐበሻ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሜምፊስ ተወላጅ የሆነው የኦክላንዱ የምግብ ጸሐፊ ብራያንት ቴሪ በ2009 ባወጣው መጽሐፍ ኮላርድን ያለ ሥጋ በብርቱካንና በዘቢብ አቅርቧል፤ የጥቁሮች ምግብ መሠረቱ ቅጠላ ቅጠል ነው ብሎም ይሞግታል። አንዱ በጾም ሕግ፣ ሌላው በጤናና በታሪክ ክርክር ተመሳሳይ ድስት ላይ ደረሱ።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊው ስደተኛ አንድ ዕዳ ያስታውሳል። ዳያስፖራው ታሪኩን ሲያወራ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ከሱዳን ካምፕ ይጀምራል፤ የደረሰበት ሠፈር ባዶ እንደነበረ ሁሉ። ሠፈሩ ግን ባዶ አልነበረም። ለአፍሪካውያን በሩን በጥቂቱ የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የጸደቀው በጥቁሮች የመብት ትግል ዘመን ነው። የተከራየው ቤት፣ የከፈተው ምግብ ቤት፣ የገዛው ጎመን ሳይቀር ከሉዊዚያና በባቡር የመጡ ሰዎች አጥተው፣ ተከልክለውና ተከራክረው ባቆዩት ከተማ ውስጥ ነው።

በሳን ሆዜ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ዛሬ ጎመንን የሚያውቁት በያይነቱ ላይ ከምስርና ከአልጫ ጎን ነው። ረሃብ አያስታውሳቸውም። በመስቀል ችቦ ሲለኮስ የጎመን ምንቸት ለምን እንደሚባረር ቢጠይቁ፣ የሐምሌን ባዶ ጎተራ መንገር ያስፈልጋል። ከዚያም ይህን ያንኑ ምግብ በአዲስ ዓመት ጠዋት በክብር የሚጥዱ ጎረቤቶች እንዳሏቸው፣ በገበያ ያገኙትም በእነርሱ መሆኑን መጨመር ይገባል። ገንፎው ይግባ፤ የጎመኑ ምንቸት ግን በኦክላንድ የሚወጣበት ምክንያት የለም።