ከሚካሳ እስከ ያማቶ፦ በሁለት መርከቦች የሚነበብ ታሪክ

የጃፓንን የባሕር ኃይል ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው መጻሕፍትን ከማገላበጥ ሌላ አንድ መንገድ አለው፤ እርሱም ታሪኩ የተፈጸመባቸውን የወደብ ከተሞች ተዘዋውሮ መጎብኘት ነው። ይሁን እንጂ ዮኮሱካን ብቻ አይቶ የተመለሰ መንገደኛና እስከ ኩሬ የዘለቀ መንገደኛ ይዘውት የሚመለሱት ታሪክ አንድ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮኮሱካ ከቶኪዮ በስተ ደቡብ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ወደብ ነው። በዚያ «ሚካሳ» የተባለችው የጦር መርከብ፣ የታችኛው አካልዋ በኮንክሪት ተይዞ፣ ለጎብኚ ክፍት ሆና ቆማለች። የተሠራችው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ የጃፓን ባሕር ኃይል የተረከባት በ1902 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 27 እና 28 ቀን 1905፣ አድሚራል ቶጎ ሄይሃቺሮ ከዚህችው መርከብ ላይ ሆኖ በጹሺማ ባሕር የሩሲያን መርከቦች ገጠመ። የሩሲያው ኃይል ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ፣ ዋነኛው ክፍሉ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ፣ በማዳጋስካር ኖሲ ቤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከሰባት ወር ጉዞ በኋላ የደረሰ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ሰጠመ ወይም ተማረከ፤ ጃፓን ያጣችው ሦስት የቶርፔዶ ጀልባዎችን ብቻ ነው።

የዚህ ድል ዝና እኛም ዘንድ ደርሷል። የአድዋን ድል የሚያስታውስ ትውልድ፣ አውሮፓዊ መንግሥትን ያሸነፈችውን የእስያ አገር በአድናቆት ቢመለከት አያስገርምም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ ተዘጋጀ። በማግሥቱ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ጻፉ።

የታሪኩ ሁለተኛ ገጽ የሚገኘው በምዕራብ፣ በሂሮሺማ አቅራቢያ ባለችው በኩሬ ከተማ ነው። ከጹሺማ በኋላ የጃፓን ባሕር ኃይል መኮንኖች ጦርነት የሚወሰነው ታላላቅ መድፍ በታጠቁ መርከቦች፣ በአንድ ወሳኝ ውጊያ ነው የሚለውን እምነት አጥብቀው ያዙ። «ያማቶ» የዚህ እምነት ልጅ ናት። በኩሬ በምሥጢር ተሠርታ በታኅሣሥ 1941 አገልግሎት ጀመረች፤ ርዝመቷ 263 ሜትር ሲሆን፣ የአፈሙዛቸው ስፋት 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ መድፎች ነበሯት። በባሕር ላይ ከዚያ የሚበልጥ መድፍ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልታየም። ይሁንና ዘመኑ የአውሮፕላን ሆኖ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ወደ ኦኪናዋ ስታመራ ከ300 በላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ወረዱባት። የራሷ ወገን አውሮፕላን አልሸፈናትም። ከነበሩባት ሰዎች 3,000 ያህሉ አብረዋት ሰጠሙ።

በኩሬ በ2005 የተከፈተው ቤተ መዘክር የዚህችን መርከብ አንድ አሥረኛ መጠን ያለው፣ 26 ሜትር ከሩብ የሚደርስ ምስል ይዟል። ጎብኚው ግን ከምስሉ አልፎ «ካይተን» በተባለው ነገር ፊት ሊቆም ይገባዋል። ካይተን አንድ ወጣት በውስጡ ተቀምጦ እየመራ ከጠላት መርከብ ጋር እንዲጋጭበት የተሠራ ቶርፔዶ ነው። በጹሺማ ድል የተመካ ኃይል በአርባ ዓመት ውስጥ የደረሰበት ጠርዝ ይህ ነው።

ከኩሬ ወደ ሂሮሺማ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከሂሮሺማ የኡጂና ወደብ ከ1894 ጀምሮ ወታደሮች ወደ ቻይናና ወደ ኮሪያ ሲጫኑ ኖረዋል። ነሐሴ 6 ቀን 1945 በወደቀው የአቶሚክ ቦምብ ሳቢያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሲቪሎች ነበሩ።

ሚካሳም ብትሆን በድሏ ቀን እንደነበረች አልቆየችም። ከ1945 ሽንፈት በኋላ መድፎቿ ተነቅለው የመዝናኛ ቦታ ሆና ነበር። በ1961 ታድሳ ስትከፈት ከደጋፊዎቹ አንዱ በጦርነቱ ጊዜ ጃፓንን የወጋው አሜሪካዊው አድሚራል ኒሚትዝ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን በደረሱበት በ1931 መጸው የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ከጀመረ ገና ሁለት ወር አካባቢ ነበር። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1936፣ ጃፓን የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ወረራ እውቅና ሰጠች፤ በአጸፋው ኢጣሊያ በማንቹሪያ የተተከለውን መንግሥት ተቀበለች። አባቶቻችን ያደነቁት ብርሃን እውነት ነበር፤ ጥላው ግን በዚያው ሰዓት ከኋላው ይከተል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወደ ጃፓን የሚሄድ አንባቢ በዮኮሱካ እንዲጀምር፣ በዚያ ግን እንዳይጨርስ እንመክራለን። ድልን ለብቻው ያነበበ ሰው፣ የድሉን ዋጋ ማን እንደከፈለ ሳያነብ ይቀራል።