መጤን የሚፈጥረው ማን ነው? ከቺካጎ እስከ ልደታ የተዘረጋ የአንድ ምሁር ጥያቄ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ባልቻ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነው። ባልቻ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ከጉራጌ ምድር የመጡ፣ ምኒልክ ቤት ያደጉ፣ በዓድዋ ዘመቻ በመድፈኛነት ስማቸው የተነሣ፣ በኋላም ሲዳሞን የገዙ ሰው ናቸው። ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ መርካቶ አለ። እዚያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «ጉራጌ» የሚለው ቃል ለብዙ የከተማው ሰው ከሕዝብ ስምነቱ ይልቅ የሥራ ስምነቱ ይቀድም ነበር፤ ተሸካሚ ማለት ነበር።

አንድ ሕዝብ በአንድ ከተማ ውስጥ በደጃዝማችም በኩሊም ሊታወቅ የቻለው እንዴት ነው? ሰውን «የቤት ልጅ» ወይም «መጤ» የሚያደርገውስ ምንድን ነው? የትውልድ ቦታው፣ ደሙ ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ ከተከታተሉት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ ናቸው። ስማቸው በኢትዮጵያ ጥናት ከሚሠሩ ሰዎች ውጭ እምብዛም አይነሣም። የሠሩበት ጉዳይ ግን ዛሬ በየዜናው የሚሰማ ነው።

◾ በገዛ አገሩ እንግዳ

ሻክ እ.ኤ.አ. በ1923 ቺካጎ ተወለዱ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1919 በጋ፣ ከተማዋ በዘር ግጭት ተናውጣ 38 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ 23ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ከግጭቱ በኋላ ደም ባይፈስም ግድግዳው አልፈረሰም። የቤት ባለቤቶች «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ውል ይፈራረሙ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ የወሰነው በ1948 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥቁር ቺካጓዊ በወረቀት ዜጋ፣ በመንደር እንግዳ ሆኖ ኖረ።

በዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ስም የተለየ ክብደት ነበረው። በ1935 ጣሊያን ጦርነት ስትደግስ ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም በረረ። ሻክ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ለምርምር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከሁለት ዐሥርት በኋላ፣ በ1957 ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገና አልተሠራም ነበርና የከተማዋ የአየር በር ልደታ ነበር። ሻክ እስከ 1959 በጉራጌ ምድር፣ በተለይ በቸሃ፣ ጥናታቸውን አካሄዱ። በ1961 በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ብዙም ሳይቆዩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። «ጉራጌ፦ የእንሰት ባህል ሕዝብ» የተባለው መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ በ1966 ታተመ።

◾ ስም በከተማ ሲሰጥ

ጉራጌን ወደ ከተማ ያወጣው ምን ነበር? የተለመደው መልስ «ለንግድ የተፈጠረ ሕዝብ ነው» የሚል ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በሐሰን እንጃሞ መሪነት የተደረገው ተጋድሎ በራስ ጎበና ጦር ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ አካባቢው በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው በገንዘብ የሚከፈል ግብር መጣበት። እንሰት ቤተሰብን ያበላል እንጂ ብር አያወጣም፤ መሬቱም ጠባብ ነበር። ስለዚህ ወንዱ አዲስ አበባ ወረደ፤ ሴቷ እንሰቱን ይዛ ቀረች። ለመስቀል ወደ ቤት የመመለሱ ልማድም የተጠናከረው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ለንግድ የተለየ ደም የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱን የከፈቱት ግብር፣ የመሬት ጥበትና እጅ ለእጅ የሚሳሳቡ ዘመዳሞች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከአገሩ ሲነሣ ሰውዬው ቸሃ ነበር፣ እዣ ነበር፣ ሙኽር ነበር፣ እነሞር ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ሁሉም «ጉራጌ» ተባለ። የወል ስሙ ትርጉም የከበደው በመንደር ሳይሆን በከተማ፣ ሌላው ሰው በጅምላ ሲጠራው ነው። ቺካጎ የደረሰው የሚሲሲፒም የአላባማም ገበሬ እንዲሁ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ነበር።

የሻክ ሥራ ድክመትም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። የመጽሐፉ ርእስ «ጉራጌ» ይበል እንጂ ዋናው ማስረጃ የቸሃ ነው። በኋላ የመጣው ታሪክ ያ ስም ምን ያህል ተንቀሳቃሽ እንደሆነ አሳይቷል፤ በ1993 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው ወስኖ የራሱን ዞን አቋቋመ። ምሁር የጻፈው የሕዝብ ስም እንደ ድንጋይ ጽሑፍ ሆኖ አይቀርም፤ ሰዎች እንደገና ይጽፉታል።

◾ የአገሬው ገበያ

መርካቶ ራሱ የዘር ሕግ ልጅ ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1937 በጣሊያናዊና «ተገዥ» በሚላቸው መካከል እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። በከተማው ፕላንም ነጭና ጥቁር እንዲለያዩ ታሰበ። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጀኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ ተባለ። ኢትዮጵያዊው በገዛ ዋና ከተማው ውስጥ ሥፍራ የተመደበለት እንግዳ ሆነ። ከሩቅ የመጣው ጣሊያናዊ ደግሞ ባለቤት ሆነ። ማን መጤ እንደሆነ የወሰነው የመጣበት ርቀት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ ይሆን ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በዚያ ገበያ ጉራጌው ከሸክም ወደ ጉሊት፣ ከጉሊት ወደ ሱቅ ተሻገረ። ያኔ ስድቡም ተለወጠ። ትናንት «ኩሊ» ያለው አፍ «ገበያውን ያዘብን» ማለት ጀመረ። መጤ ደሃ ሲሆን ይናቃል፤ ሲያልፍለት ይጠረጠራል።

◾ የተገፋው ሲገፋ

ሻክ የተገፉትን ብቻ አጥንተው ቢያልፉ ኖሮ ሥራቸው ግማሽ በሆነ ነበር። እሳቸው ግን በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ በጉራጌ ውስጥ ራሱ በሙያቸው ስለተገለሉ ሰዎች ጻፉ። አናጢው፣ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ከእነርሱ «ፉጋ» የተባሉት እንጨት ሠሪዎች የቤቱን ምሰሶ ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን መሬት ከመያዝና ከሌላው ጋር ከመጋባት ይከለከሉ ነበር። ቃሉ ራሱ ዛሬ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ላይ በስሙ የተናቀው ሰው አገሩ ሲመለስ ጎረቤቱን በስሙ ይንቃል። ይህ የጉራጌ ብቻ ጉድ አይደለም። በሰሜኑም ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ከየትም አልመጡም። ቋንቋቸው የጎረቤታቸው ነው። ሆኖም ከማንም ይልቅ እንግዳ ተደርገዋል። ሰውን እንግዳ የሚያደርገው መምጣቱ ሳይሆን የሚያገለው ደንብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

◾ አፍሪካ እንግዶቿን ስታባርር

ሻክ በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሄዱ፤ በኋላም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሉ ዲን ሆኑ። በ1979 ከኤሊዮት ስኪነር ጋር ሆነው በአፍሪካ ማኅበረሰቦች ውስጥ ስለሚኖሩ እንግዶች የሚያጠና መጽሐፍ አዘጋጁ። ስኪነርም ጥቁር አንትሮፖሎጂስት ናቸው፤ በላይኛው ቮልታ፣ በዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ የአሜሪካ አምባሳደር ነበሩ። መነሻቸው ጀርመናዊው ጌዎርግ ዚመል ያነሡት ሐሳብ ነበር፤ እንግዳ ማለት አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ሳይሆን መጥቶ የሚቀር ሰው ነው የሚለው።

ዘመኑ ጥያቄውን ትኩስ አድርጎት ነበር። ጋና በኅዳር 1969 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረቀት እንዲያወጡ ወይም እንዲወጡ አዘዘች። እጅግ ብዙ ናይጄሪያውያን ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ኢዲ አሚን በ1972 የኡጋንዳን እስያውያን በ90 ቀን አባረሩ። በ1983 ደግሞ ተራው የናይጄሪያ ሆነና ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚገመቱ ጋናውያን ተባረሩ። ያባረረው በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ተባራሪ ሆነ።

በቅኝ ግዛት ዘመን እነዚህ ሰዎች በአንድ ገዥ ሥር ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ነጻነት ሲመጣ ድንበሩ አገር ሆነ፤ ሰዎቹ ሳይንቀሳቀሱ «የውጭ ዜጋ» ሆኑ። ኢትዮጵያና ኤርትራም ይህን በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት አይተውታል። አንድ ግቢ ውስጥ ያደጉ፣ አንድ ዕድር የከፈሉ ሰዎች በድንገት የጠላት አገር ሰው ተብለው በአሥር ሺዎች ተባረሩ፤ ከሁለቱም ወገን።

◾ ከሞንማርትር የተላከ መልስ

ሻክ በ2000 አረፉ። የመጨረሻ መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ2001 ወጣ። ርእሰ ጉዳዩ ከጉራጌ የራቀ ይመስላል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ፓሪስ ውስጥ፣ ሞንማርትር ሰፈር፣ ስለኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ነው። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው። አገሩ በጓሮ በር የሚያስገባው ጃዝ ተጫዋች ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ በዋናው በር ተቀበሉት። በአገሩ እንግዳ የነበረው በባዕድ አገር ባለቤት ሆነ፤ በ1940 የናዚ ጦር ፓሪስ ገብቶ ደንቡን እስኪቀይረው ድረስ። ሰዎቹ አልተለወጡም። የተለወጠው ስለ እነርሱ የወጣው ደንብ ነው።

◾ ቅሬታውም እውነት አለው

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ዘሎ ማለፍም አይገባም። «መጤ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከባዶ ጥላቻ የሚወለድ አይደለም። አዲስ አበባ በ1880ዎቹ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ መሬት ላይ ጉለሌ፣ ገላንና ሌሎች የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩ ነበር። መሬታቸውን ያጡት በስደተኛ ሸክላ ሠሪ ወይም ተሸካሚ ሳይሆን በሥልጣንና በጠመንጃ ነው። ያ በደል ተነግሮ አያልቅም፤ መካስም ይገባዋል።

ችግሩ ቂሙ አድራሻውን ሲስት ነው። መሬት የወሰደው ሥርዓት ታሪክ ሆኖ አልፏል፤ ዛሬ «ውጣ» የሚባለው ግን ጫማ ጠራጊው፣ ቡና ለቃሚው፣ ሱቅ በደረቴው ነው። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ የተፈናቀሉት የአማራ ገበሬዎችና በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ከቤታቸው የወጡት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ማንንም በጦር አላስገበሩም። ከጠመንጃ ጋር የመጣንና ከአካፋ ጋር የመጣን አንድ ቃል ሲጠቀልላቸው ፍትሕ አይገኝም።

ሕጉ ራሱ በሁለት አፍ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ዜጋ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር ነጻነት አለው ይላል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 2 ሌሎች ነዋሪዎች መኖራቸውን ተቀብሎ፣ የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል። ለዘመናት በማእከል ተገፍተው የኖሩ ሕዝቦች ዋስትና መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ባለቤት» የሚለው ቃል በወረቀት ሲሰፍር «ባለቤት ያልሆነ» የሚባል ሰውም አብሮ ይወለዳል። ይህ ሰው ከተወለደበት ቀዬ ሳይወጣ መጤ ሊሆን ይችላል።

◾ ልደታ የምታውቀው ሌላ ደንብ

የሻክን ፈለግ በአገር ቤት ያስፋፉት ኢትዮጵያዊው አንትሮፖሎጂስት ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በከተማ ስለተመሠረቱ የብሔር ማኅበራት ነበር፤ በተለይም ዓለም ገናን ከወላይታ ለማገናኘት ስለተቋቋመው የመንገድ ሥራ ማኅበር። ከተሜው ገንዘብ አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ ሠራ። የዕድርን አጀማመርም ብዙ ጸሐፊዎች በአዲስ አበባ ከኖሩ የጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። መጀመሪያ የአገር ልጅ የአገሩን ልጅ የሚቀብርበት ነበር። በጊዜ ብዛት የሰፈር ሆነ፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዶርዜው፣ ትግሬው በአንድ ድንኳን ተቀመጠ።

የሰፈር ዕድር የአባልነት ደንብ ቀላል ነው። እዚህ ትኖራለህ? ትከፍላለህ? ለቀብር ትወጣለህ? በቃ፤ አባል ነህ። የአያትህ ስም አይጠየቅም። ይህ ፍልስፍና ሳይሆን ከየአቅጣጫው የመጡ ደሆች ተቸግረው ያወጡት ሕግ ነው።

ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) በመልሶ ማልማት ስትፈርስ አሮጌ ቤቶቹ ብቻ አልነበሩም የተነሡት። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲበተን ያ ደንብ የሚኖርበት ጉርብትናም አብሮ ተበተነ። ለቤቱ ካሳ ይተመናል፤ ሰውን ባለአገር ያደረገው ጉርብትና ግን በየትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል?

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ ያስፈልግም ነበር። ሆኖም ስድብን መቅጣትና መጤን የሚፈጥረውን ደንብ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከቺካጎ ተነሥቶ በቸሃና በመርካቶ በኩል ሞንማርትር የደረሰው የሻክ የዕድሜ ልክ ሥራ የሚያመለክተው ሁለተኛውን ነው። ደንብ ሰው ሠራሽ ከሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ክልሎችና ከተሞች «ከየት መጣህ?» የሚለውን ትተው «እዚህ ትኖራለህ?» ብለው ለመጠየቅ የሚያስችል ሕግ እስኪያወጡ ድረስ፣ ዛሬ ባለቤት የተባለው ሁሉ ነገ በሌላ ሰው ደንብ መጤ የመሆን ዕጣ ይጠብቀዋል።