«ሃኖይ በማን ዓይን?»፦ ትራን ቫን ቱዊና የዘጋቢ ፊልም ሙያ

በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ስለ ፊልም ሠሪ መጻፍ ለአንዳንድ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር ሊመስላቸው ይችል ይሆናል። ሆኖም የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ተግባር ከእኛው ሙያ ጋር በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ይኸውም ያለውን ነገር እንዳለ መርምሮ ላላዩት ሰዎች ማሳወቅ ነው። የቬትናሙ ትራን ቫን ቱዊ ይህን ለመፈጸም ሲል የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በሃኖይ በመንግሥት የዘጋቢ ፊልም ድርጅት ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ የሠራ ሰው በመሆኑ «ነፃ ፊልም ሠሪ» ማለት በጥሬ ትርጉሙ አይስማማውም። በእኔ አስተያየት ግን ነፃነቱ የሚለካው በሂሳብ መዝገቡ ሳይሆን በካሜራው አቅጣጫ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱዊ በ1940 በሰሜን ቬትናም በናም ዲን ተወለደ። የፊልም ትምህርቱን ገና በወጉ ሳያጠናቅቅ በ1966 ካሜራ ተሸክሞ በትሩኦንግ ሶን ተራሮች በኩል በእግሩ ወደ ደቡቡ የጦር ቀጣና ወረደ፤ በዳናንግና በኳንግ ናም አካባቢም ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። እዚህ ላይ ሙያዬ ግድ ብሎኝ አንድ ነገር ልጨምር። የፊልም ጥቅል የጄላቲን ቅብ ስላለው በሞቃትና በረጠበ አየር ውስጥ ቶሎ ይሻግታል። የቬትናም የጦር ሜዳ ካሜራ ሠራተኞች ታዲያ ሩዝ ቆልተው ከጥቅሉ ጋር በቆርቆሮ ያሽጉ ነበር፤ የተቆላው ሩዝ እርጥበቱን ይመጥጠዋል። እኛ በላቦራቶሪ በሲሊካ ጄል የምንሠራውን እነርሱ በምጣድ ሠርተውታል። ቱዊ ካነሣቸው ምስሎች የተቀናበረው «የቀዬዬ ሰዎች» የተባለው ፊልም በ1970 በላይፕዚግ የፊልም በዓል የብር ርግብ ሽልማት አገኘ። ከዚያም በሞስኮ የሲኒማ ተቋም በስመ ጥሩው የሶቪየት ዘጋቢ ፊልም ባለሙያ በሮማን ካርመን ሥር ተምሮ ወደ ሃኖይ ተመለሰ።

ስሙን ያስጠራውም መከራውን ያበዛበትም በ1982 የሠራው «ሃኖይ በማን ዓይን» ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ጥንታዊቷ ከተማ ሐይቆች፥ ቤተ መቅደሶችና ታላላቅ ሰዎች የሚተርክ የጉብኝት ፊልም ይመስላል። ነገር ግን ከተማይቱን የሚያስተዋውቀን ቫን ቩኦንግ የተባለ ማየት የተሳነው የጊታር ተጫዋች ነው፤ ሃኖይን አንድም ቀን በዓይኑ ሳያያት በክሩ የሚያወድስ ሰው። ፊልሙ ከሚያወሳቸው ባለታሪኮች አንዱ የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ንጉየን ቻይ ነው። ይህ ሰው አገሩን ከሚንግ አገዛዝ ነፃ ባወጣው ትግል የንጉሡ አማካሪ ሆኖ ሳለ በ1442 በሐሰት ክስ ከነዘመዶቹ ተገደለ፤ ስሙን ንጉሥ ሌ ታን ቶንግ ያደሰለት ከ22 ዓመት በኋላ ነበር። በቅኔ ላደገ አማርኛ አንባቢ የዚህን አካሄድ ምንነት ማስረዳት አያስፈልግም። ሰሙ የጥንቱ ንጉሥና ሊቁ ነው፤ ወርቁ ደግሞ በ1982 በሃኖይ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሹም ነው። ሹማምንቱም ወርቁን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ፊልሙ ታገደ፤ ሠሪውም ለዓመታት በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር።

ስለዚህ ፊልም ሳነብ ከብዙ ጊዜ በፊት የጻፍኩት አንድ የምርመራ ሪፖርት ትዝ አለኝ። ስለ አንድ ድልድይ ምሰሶ ስንጥቅ የሚናገር ነበር። አለቃዬ «አሳሳቢ» የሚለውን ቃል «ክትትል የሚያስፈልገው» በሚል እንድተካው መከረኝ፤ እኔም ተካሁት። ምሰሶው በኋላ ተጠገነ፤ ጉዳትም አልደረሰም። ቃሉን የለወጥሁበት ቀን ግን እስካሁን አልተረሳኝም። ቱዊ ቃሉን ባለመለወጡ አምስት ዓመት ጠበቀ።

መጠበቅ ሲባልም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ፊልም ታግዶ ሳለ በ1985 ከቀድሞው የባሰ ደፋር የሆነውን «ቹየን ቱ ቴ» ሠራ። ርእሱን ወደ አማርኛ መመለስ አስቸግሮኛል። ብዙዎች «የደግነት ታሪክ» ይሉታል፤ ደግነት ግን በእኛ ቋንቋ ከእጅ መዘርጋት ጋር የተያያዘ ሲሆን ቱ ቴ የሚለው ቃል ይልቁን ወደ ጨዋነትና ሰው ወደ መሆን ያዘነብላል። ከቻይንኛ የመጣው የቃሉ ሥር ለጥቃቅኑና ለረቂቁ ነገር መጠንቀቅ ማለት ነው፤ ለመሐንዲስ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ፊልሙ የሚነሣው በካንሰር ሕመም ከሞተ የሥራ ባልደረባ ነው። ባልደረቦቹ ስለ ተራው ሰው ኑሮና ሥቃይ ለመዘገብ ካሜራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጡብ ከሚሠሩ ድሆች ዘንድ ሲደርሱ ግን ሰዎቹ ለመቀረጽ ፈቃደኞች አይሆኑም። ቱዊ ይህን እምቢታ ቆርጦ አልጣለውም። የፊልሙ አስኳል በእኔ ግምት ይህ ነው፤ የተመልካችነት መብት በራሱ አጠያያቂ ይሆናልና። ከዚያ በኋላ የሥጋ ደዌ ሕሙማንንና የሚያስታምሟቸውን ደናግል መነኮሳት እናያለን። ተራኪው ድምፅ አልፎ አልፎ ሰባኪ እንደሚሆን መካድ አይቻልም፤ ምስሉ ብቻ በተናገረበት ቦታ ፊልሙ የበለጠ ይጠነክራል።

በታኅሣሥ 1986 የቬትናም ኮሚኒስት ፓርቲ የ«ዶይ ሞይ»ን የተሐድሶ መርሕ አጸደቀ። አዲሱ ዋና ጸሐፊ ንጉየን ቫን ሊን ፊልሞቹን ካየ በኋላ ሁለቱም በ1987 ለሕዝብ ተፈቀዱ። በ1988 «ቹየን ቱ ቴ» በላይፕዚግ ሌላ የብር ርግብ ተሸለመ፤ «ሃኖይ በማን ዓይን»ም በዚያው ዓመት በአገሩ የፊልም በዓል የወርቅ ሎተስን ወሰደ። ትላንት ያገደው ክፍል ዛሬ ሲሸልም ማየት በየትም አገር ያለ ቢሆንም ሁልጊዜ ያስገርማል።

ከኋለኞቹ ሥራዎቹ መካከል በ1998 የሠራው «የቫዮሊን ድምፅ በሚ ላይ» ይጠቀሳል። በመጋቢት 1968 የአሜሪካ ወታደሮች በሚ ላይ መንደር ቬትናሞች 504 ብለው የሚቆጥሯቸውን ሰላማዊ ሰዎች ገድለዋል። ሂዩ ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ አብራሪ በዚያ ዕለት ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በመንደርተኞቹ መካከል አሳርፎ ጥቂቶችን አተረፈ። ከ30 ዓመት በኋላ ከባልደረባው ከላውረንስ ኮልበርን ጋር ተመልሶ ከሞት ካዳኗቸው ሴቶች ጋር ሲገናኝ ቱዊ ቀረጸው፤ ማይክ ቦም የተባለ ሌላ የቀድሞ ወታደር ደግሞ በሥፍራው ቫዮሊን ይጫወታል። ፊልሙ በ1999 በእስያና ፓስፊክ የፊልም በዓል የምርጥ አጭር ፊልም ሽልማት አገኘ። ጠላትን ለመውቀስ አመቺ በሆነ ሥፍራ ላይ ቆሞ ስለ ጠላት ወታደር ጨዋነት መናገሩን ልብ ይሏል። ጭፍጨፋው በተፈጸመበት በ1968 ቱዊ ራሱ ከሚ ላይ በስተሰሜን በአጎራባቹ ክፍለ ሀገር በኳንግ ናም፣ ካሜራውን ተሸክሞ በጦርነቱ መካከል ነበር።